ከናና ቅጠል እስከ እርሾ ታንከር፦ መዓዛ የሚሠራው ኢንዛይም ጉዳይ

አንድ የናና ቅጠል ቀጥፋችሁ በሁለት ጣቶቻችሁ መሃል እሹት። ሽታው ወዲያው አፍንጫ ይሞላል። ሳይታሽ ግን እምብዛም አይሸትም ነበር። ምን ተፈጠረ? ሌላ ቅጠል ወስዳችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩት መልሱ እዚያው አለ። ቆዳው ላይ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ጠብታዎች ተበትነዋል። እያንዳንዷ ጠብታ በስስ ሽፋን የተከደነች የዘይት ከረጢት ናት። ከከረጢቷ ሥር ስምንት ሕዋሳት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሥራቸው አንድ ነው፤ ዘይቱን መሥራት። ጣታችሁ ያደረገው ከረጢቷን ማፈንዳት ብቻ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ በእነዚያ ስምንት ሕዋሳት ውስጥ ስለሚሠራ አንድ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ባዮኬሚስቶች ተርፒን ሲንቴዝ ይሉታል። እኛ ተርፒን ሠሪ ኢንዛይም ብንለው ያስኬዳል። የናናን፣ የብርቱካንን፣ የላቬንደርንና የጥድን ሽታ መነሻ የሚሠራው እሱ ነው።

ለምን ዛሬ? የዚህ ኢንዛይም ጂን ከተክል እየተቀዳ ወደ እርሾና ወደ ባክቴሪያ እየገባ ስለሆነ ነው። ሽቶ፣ መድኃኒት፣ የትንኝ መከላከያ ከማሳ ሳይሆን ከብረት ታንከር እየወጣ ነው። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄም የመንግሥታት መደራደሪያ ሆኗል። የእኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር። ጂኑን መቅዳት መዓዛውን መያዝ ማለት አይደለም። ኢንዛይሙ የት ተቀመጠ፣ መቼ ሠራ፣ ምን ቀረበለት የሚለው ከጂኑ እኩል ይመዝናል። ይህን ያልቆጠሩ ሥራዎች ዓመታትም ገንዘብም በልተዋል።

ከጡቡ እንጀምር። ተርፒን የሚለው ስም የመጣው ከተርፐንታይን ነው። ከጥድ ሙጫ የሚወጣው፣ ቀለም ማቅጠኛ የምናውቀው ፈሳሽ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦቶ ቫላህ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከተለያዩ ተክሎች የሚወጡ መዓዛማ ዘይቶችን አንድ በአንድ መለየት ጀመረ። በጊዜው አንዱ ዘይት በየአገሩ ሌላ ስም ነበረው። ቫላህ አብዛኞቹ ከአንድ ዓይነት ጡብ የተሠሩ መሆናቸውን አሳየ። ጡቡ አምስት ካርቦን አለው። በ1910 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1939 የተሸለመው ሊዮፖልድ ሩዚችካ ደግሞ ሐሳቡን ወደ ሕይወት አምጥቶ፣ ተክሎች እነዚህን ጡቦች በምን ሕግ እንደሚያያይዙ በ1953 አስቀመጠ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሁለት ጡብ ሲገጣጠም 10 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ይሆናል። ሦስት ሲሆን 15፣ አራት ሲሆን 20። ቀላሎቹ፣ ማለትም ባለ 10ዎቹና ባለ 15ቶቹ፣ በአየር ላይ መብረር ስለሚችሉ አፍንጫችን ጋ ይደርሳሉ። ከባዶቹ አይበሩም። የካሮት ቀለም 40 ካርቦን አለው፤ የተፈጥሮ ጎማ ደግሞ በሺዎች። ሁሉም ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እስካሁን ከ80,000 በላይ የዚህ ቤተሰብ ውህዶች ተለይተዋል። ከተፈጥሮ ውህዶች መካከል ይህን የሚያህል ቤተሰብ የለም።

እግረ መንገዴን አንድ የቃል ውዥንብር ላጥራ። ኬሚስት “አሮማቲክ” ሲል ጥሩ የሚሸት ማለቱ አይደለም። የተለየ ዓይነት የካርቦን ቀለበት ማለቱ ነው። አብዛኞቹ መዓዛማ ተርፒኖች በኬሚስቱ ቋንቋ አሮማቲክ አይደሉም። እንደ ታይሞል ያሉ ጥቂቶች ሁለቱንም ናቸው። እኔ እዚህ “መዓዛማ” ስል አፍንጫን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። ሰንሰለቱ 80,000 ዓይነት አይደለም። ጥቂት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ብዛት ከየት መጣ? የኢንዛይሙ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ኢንዛይሙ ጥልቅ ኪስ ያለው ፕሮቲን ነው ብላችሁ አስቡ። ባለ 10 ካርቦኑ ሰንሰለት ጫፉ ላይ ሁለት ፎስፌት ተሸክሞ ወደ ኪሱ ይገባል። ኪሱ አፍ ላይ ሦስት የማግኒዢየም አዮኖች አሉ። እነሱ ፎስፌቶቹን ጨምድደው ይይዛሉ፤ ኪሱም ይዘጋል። ከዚያ ፎስፌቶቹ ከሰንሰለቱ ይነቀላሉ። የቀረው ሰንሰለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሞለኪውል እረፍት የለውም። ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ውሃ ካገኘ ወዲያው ከውሃ ጋር ይጣበቅና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የኢንዛይሙ ጥበብ ይህን እረፍት የለሽ ነገር ሳያመልጠው መያዙ ነው። የኪሱ ግድግዳ ውሃ በማይወዱ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን በሚገነባባቸው ቅንጣቶች፣ የተለበጠ ነው። ከእነሱ መካከል እንደ ትሪፕቶፋንና ፌኒልአላኒን ያሉ ባለ ቀለበቶቹ በኤሌክትሮን ደመናቸው ቻርጁን ያባብሉታል። ሰንሰለቱ በኪሱ ቅርጽ ልክ ይታጠፋል። ጫፉ ከመሃሉ ጋር ተገናኝቶ ቀለበት ይሠራል። በመጨረሻ አንድ ፕሮቶን ይወጣል። የተገኘው ሊሞኒን ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሽታ።

ያው ሰንሰለት ትንሽ ለየት ያለ ኪስ ውስጥ ቢገባስ? ቀለበቱ ላይ ሌላ ድልድይ ይጨመርና ፓይኒን ይሆናል፤ የጥድ ሽታ። ኪሱ በትክክለኛው ሰዓት ውሃ ቢያስገባ ቀለበት ሳይሠራ ሊናሎል ይሆናል፤ ላቬንደር ውስጥ የምናሸተው። ቀለበት ከሠራ በኋላ ውሃ ቢይዝና እንደገና በራሱ ላይ ቢታጠፍ ሲኒዮል ይሆናል፤ ባሕር ዛፍን ባሕር ዛፍ የሚያሰኘው። መነሻው አንድ ነው። ልዩነቱ የኪሱ ቅርጽ ነው።

ይህን ቅርጽ ሰው በዓይኑ ያየው በ1997 ነው። ከትምባሆ ተክል የተወሰደ ባለ 15 ካርቦን ተርፒን የሚሠራ ኢንዛይም በኤክስሬይ ተነሳ። የናናው ሊሞኒን ሠሪ ደግሞ ጂኑ በ1993 ተለይቶ ምስሉ የወጣው በ2007 ነው። በናና ላይ የተሠራው አብዛኛው ሥራ ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮድኒ ክሮቶ ቤተ ሙከራ ጋር የተያያዘ ነው። ክሮቶና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። እነዚያን የዘይት ከረጢቶች ከቅጠሉ ላይ ነጥለው ለብቻቸው ሰበሰቡ። ቅጠሉን በሙሉ ከመፍጨት ይልቅ ሥራው የሚሠራበትን ክፍል ብቻ ያዙ። ብዙ ነገር የተከፈተው በዚያ ነው።

አሁን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ኢንዛይም ሲባል አንድ ቁልፍ ለአንድ በር ተብለን ተምረናል። ተርፒን ሠሪዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ግራንድ ፈር ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ የተገኘ አንድ ኢንዛይም፣ ጋማ ሂሙሊን ሲንቴዝ፣ ከአንድ ዓይነት ሰንሰለት 52 የተለያዩ ውህዶች ይሠራል። ሃምሳ ሁለት! ከዚያው ዛፍ የተገኘ ዘመዱ 34 ይሠራል። ምክንያቱ ያው እረፍት የለሽ ሞለኪውል ነው። ኪሱ ሰፋ ካለ ሰንሰለቱ በብዙ መንገድ ይታጠፋል። በ2006 በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች የዚህን ኢንዛይም ኪስ ጥቂት ቦታ ላይ እየነካኩ አንዱን ወይም ሌላውን ውህድ አብዝቶ እንዲሠራ ማድረግ ችለዋል። ማለትም ብዛቱ ጉድለት አይደለም። ተክሉ ወደፊት አዲስ ሽታ የሚያወጣበት ክምችት ነው።

ሁለተኛው አስገራሚ ነገር ዝግመቱ ነው። ደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስተናግደው ኢንዛይም በሰከንድ እስከ ሚሊዮን ጊዜ ይሠራል። ተርፒን ሠሪው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጥር አስታውሱት። ወደ ታንከሩ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ከሊሞኒን በኋላ ሌሎች ኢንዛይሞች ይረከባሉ። ስፒርሚንት የሚባለው ናና ሊሞኒኑ ላይ በአንድ ቦታ ኦክስጅን ይጨምርበታል፤ ካርቮን ይሆናል። ፔፐርሚንት ደግሞ ኦክስጅኑን ትንሽ ራቅ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከብዙ እርምጃ በኋላ ሜንቶል ይሆናል። ማስቲካ ስታኝኩ አንዱ ጣፈጥ ብሎ ሌላው አፍ የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ሁለቱን የሚለየው ኢንዛይም ላይ ክሮቶ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሙከራ ተደረገ። በመቶዎች ከሚቆጠሩት አሚኖ አሲዶች አንዱ ብቻ ተቀየረ። የስፒርሚንቱ ኢንዛይም የፔፐርሚንቱን ሥራ መሥራት ጀመረ። አንድ ፊደል እንደመቀየር ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ሞለኪውሎች እንደ እጃችን ግራና ቀኝ አላቸው። የስፒርሚንት ካርቮንና ካራዌይ የሚባለው ቅመም ካርቮን አቶሞቻቸው አንድ ናቸው። አያያዛቸውም አንድ ነው። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው እንጂ። አፍንጫችን ግን አንዱን ናና፣ ሌላውን ቅመም ብሎ ይለየዋል። ፋብሪካ በተራ ኬሚስትሪ ሲሠራ ግራና ቀኙን ቀላቅሎ ያወጣል። ኢንዛይሙ ግን ኪሱ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚያጥፍ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይሰጣል። ኢንዱስትሪው ይህን ኢንዛይም የሚፈልገው በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል።

ቦታ ይመዝናል ብዬ ነበር። እንጆሪን ልጥቀስ። በማሳ የሚለማው ትልቁ እንጆሪ ሊናሎልና ኔሮሊዶል ይሸታል። የዱር እንጆሪ እነዚህን ሳይሆን በብዛት ፓይኒንና ዘመዶቹን ነው የሚያወጣው። በ2004 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አገኘ። በለማው እንጆሪ ውስጥ ያለ አንድ ተርፒን ሠሪ ኢንዛይም የፊት ጫፉ ተቆርጧል። ያ ጫፍ አድራሻ ነበር። ኢንዛይሙን የሕዋሱ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገባ የሚነግረው እሱ ነው። አድራሻው ሲጠፋ ኢንዛይሙ ሌላ ቦታ ቀረ። እዚያ ባለ 10ውንም ባለ 15ቱንም ሰንሰለት አገኘ። ከአንዱ ሊናሎል፣ ከሌላው ኔሮሊዶል ሠራ። በሌላ በኩል ፓይኒን የሚሠራው ጂን በሌላ ለውጥ ምክንያት ፍሬው ውስጥ መሥራት አቆመ። እንግዲህ የሱፐርማርኬቱ እንጆሪ ሽታ የመጣው ከአዲስ ኢንዛይም ሳይሆን አድራሻው ከጠፋበት ነባር ኢንዛይም ነው።

ጽጌረዳ ደግሞ ተመራማሪዎችን ጭራሽ አስገርማለች። የጽጌረዳ ሽታ ዋና አካል ጄራኒዮል ነው፤ ንጹሕ ተርፒን። ስለዚህ ሁሉም ተርፒን ሠሪውን ኢንዛይም ሲፈልግ ኖረ። በ2015 በፈረንሳይ የሚመራ ቡድን በጣም የምትሸት አንዲት ዝርያና ሽታ የሌላት አንዲት ዝርያ አወዳድሮ የጂናቸውን ሥራ አየ። ልዩነቱ ተርፒን ሠሪ አልነበረም። ሌላ ቤተሰብ የሆነ፣ ሕዋስን ከተበላሹ ሞለኪውሎች ያጸዳል ተብሎ የሚታወቅ ዓይነት ኢንዛይም ነበር። ከሰንሰለቱ አንድ ፎስፌት ይነቅላል፤ ቀሪውን ሌላ ኢንዛይም ይጨርሰዋል። አበባ አርቢዎች ለመልክና ለጉዞ ጥንካሬ ሲመርጡ የጠፋው ሽታ እንዲመለስ ከተፈለገ፣ የሚፈለገው ጂን ሁሉም የገመተው እንዳልሆነ ታወቀ።

ተክሉ ግን ይህን ሁሉ የሚደክመው ለእኛ ሽቶ አይደለም። ይህን ስንረሳ ነው ስህተት የሚጀምረው።

በቆሎን እንይ። የበቆሎ ሥር የሚበላ ጥንዚዛ አለ፤ እጩ (ገና ጥንዚዛ ያልሆነው ትል) አፈር ውስጥ ሆኖ ሥሩን ይቆረጥማል። የአውሮፓ በቆሎ ዝርያዎች ሲጠቁ ከሥራቸው ካሪዮፊሊን የሚባል ተርፒን ይለቃሉ። ሽታው በአፈሩ ውስጥ ይጓዛል። ሽታውን ተከትለው ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች ይመጡና እጩን ከውስጥ ይገድሉታል። በ2005 ይህ ሲታወቅ ከሥር የሚላክ የድረሱልኝ ጥሪ ሆኖ ተመዘገበ። አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ግን ዝም አሉ። ጂኑ አላቸው፤ አይሠራም። በማዳቀል ዓመታት ውስጥ ማንም ሳያውቀው ጠፍቷል። ምርትን የሚመዝን ሚዛን እንጂ የሥርን ሽታ የሚያሸት ሰው አልነበረማ።

በ2009 ተመራማሪዎች ካሪዮፊሊን የሚሠራውን ጂን ከኦሬጋኖ ወስደው ዝም ወዳለው በቆሎ አስገቡት። ማሳ ላይ ከነኔማቶዱ ሲፈተን በቆሎው እንደገና ተጣራ። የሥር ጉዳቱ በግልጽ ቀነሰ። ከአፈሩ የወጣው ጥንዚዛም ጂኑ ካልገባበት በቆሎ ጋር ሲነጻጸር በ60 በመቶ አነሰ። ይህን ውጤት ሁሌ የምጠቅሰው አንድ ኢንዛይም ሲመለስ ሙሉ ግንኙነት እንደሚመለስ ስለሚያሳይ ነው።

ግን ሌላውን ታሪክ አብሬ ካልነገርኳችሁ ማታለል ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ የሮታምስተድ ምርምር ጣቢያ ሰዎች ስንዴን ከክሽክሽ ለማዳን አሰቡ። ክሽክሽ ጠላት ሲመጣበት ፋርኔሲን የሚባል ተርፒን ይለቃል። ሌሎቹ ሲሸታቸው ይሸሻሉ። ስንዴው ራሱ ይህን ሽታ ቢያወጣስ? የፔፐርሚንት ኢንዛይም መነሻ ሆኖ ስንዴ ውስጥ ገባ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በደንብ ሠራ። ክሽክሹ ሸሸ፤ ክሽክሽ የሚያጠቁ ጥገኛ ተርቦችም ቀረቡ። በ2012 እና በ2013 ማሳ ላይ ሲዘራ ግን ለውጥ አልታየም። ክሽክሹ አልቀነሰም፤ ተርቡም አልበዛም። ውጤቱ በ2015 ታትሟል።

ለምን? አንዱ ማብራሪያ አሳማኝ ነው። እውነተኛው የክሽክሽ ማንቂያ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስንዴው ግን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይለቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ማንቂያ ማን ይሰማዋል? በቆሎውና ስንዴው ላይ የተሠራው ሐሳብ አንድ ነው። ነፍሳቱ፣ ተክሉና ማሳው ግን የተለያዩ ነበሩ። ምልክቱ የተላለፈበት መንገድም እንደዚያው። እኔ ስንዴው ላይ የደረሰውን እንደ ውድቀት አላየውም። እንዲያውም አልሠራም ብለው በይፋ ማሳተማቸው ሊመሰገን ይገባል።

ስለ አየሩ ባጭሩ ልለፍ። ዛፎች በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ ኢሶፕሪን ወደ አየር ይለቃሉ። ይህ ትንሹ የቤተሰቡ አባል ነው፤ አንድ ጡብ ብቻ። ሙቀት ሲጨምር አብዝተው ይለቃሉ። በተራሮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ከእነዚህ ጋዞች ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ፍሪትስ ቬንት የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1960 ጽፏል። የመኪና ጭስ ባለበት ከተማ ግን ኢሶፕሪን ኦዞን እንዲፈጠር ያግዛል። መንገድ ዳር የሚተከል ዛፍ ሲመረጥ የትኛው ምን ያህል ይለቃል ብሎ መጠየቅ ያለበት ከተማ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ታንከሩ። ነገሩን በዓለም ፊት ያቆመው የወባ መድኃኒት ነው። አርቴሚሲኒን ከአርጤሚሲያ ተክል የሚወጣ ባለ 15 ካርቦን ተርፒን ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 ኖቤል የተሸለመችው እሱን በማግኘቷ ነው። ተክሉ ውስጥ መነሻውን የሚሠራው አንድ ተርፒን ሠሪ ኢንዛይም ነው። የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ጄይ ኪስሊንግና ባልደረቦቹ በ2003 ይህን ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ። በ2006 እርሾ ተከተለ። በ2013 እርሾው ከአንድ ሊትር 25 ግራም የመድኃኒቱን መነሻ ማውጣት ቻለ። እንደ ሳይንስ ድንቅ ነው። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ መድኃኒት አምራች ፋብሪካ ከፈተ። መድኃኒቱን ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ ለማቅረብ በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ከማሳ የሚመጣው ግን በጊዜው ከ250 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2016 ፋብሪካው ተሸጠ። ገበሬው ታንከሩን በዋጋ አሸነፈ።

ከዚያው የኪስሊንግ ሥራ የወጣው አሚሪስ የተባለ ኩባንያም የሸንኮራ አገዳ ስኳርን በእርሾ ወደ ፋርኔሲን ይቀይር ነበር። መጀመሪያ ነዳጅ ይሆናል ተባለ። ነዳጅ ግን በጣም ርካሽ ዕቃ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ቆዳ ቅባትና ሽቶ ዞረ። በነሐሴ 2023 አሜሪካ ውስጥ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ለዚህ ብዙ የአስተዳደር ምክንያት ሊኖር ይችላል። የኬሚስትሪው ችግር ግን ለሁሉም አምራች የጋራ ነው። ያን ቁጥር አስታውሱ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ኢንዛይሙ ዘገምተኛ ነው። ብዙ ለማግኘት እርሾው ብዙ ኢንዛይም መሥራት አለበት፤ ያ ደግሞ ጉልበቱን ይበላዋል። በዚያ ላይ ሊሞኒንን የመሰሉ ተርፒኖች የእርሾውን ሽፋን ያበላሹበታል። ናናዋ ይህን ችግር ከጥንት ፈትታዋለች። ዘይቱን ከሕዋሱ አውጥታ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አምራቾችም ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማሉ። ፈሳሹ ላይ ዘይት መሰል ንብርብር ያንሳፍፋሉ፤ ተርፒኑ ወደዚያ ይሸሻል።

ታንከሩ የሚያዋጣበት ቦታም አለ። ተክሉ እምብዛም የማይገኝ፣ ዘይቱ ትንሽ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን። ኖትካቶን ጥሩ ምሳሌ ነው። ለግሬፕፍሩት ሽታውን የሚሰጥ ተርፒን ነው። ከፍሬው ለማውጣት በጣም ብዙ ፍሬ ይጠይቃል። እርሾ ውስጥ በገባ ኢንዛይም መነሻውን ሠርቶ ወደ ኖትካቶን መቀየር ግን ይቻላል። መዥገርና ትንኝ ያባርራል፤ ይገድላልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በነሐሴ 2020 ለዚሁ አገልግሎት መዝግቦታል። ሰንደልም ሌላው ነው። ዛፉ ግንዱ ውስጥ ዘይት እስኪይዝ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በዱር ያለውም ተመናምኗል። ሰንደል የሚሸት እርሾ አንድ ዛፍ ካተረፈ ጥሩ ነው።

ለምግብ ጣዕምና መዓዛ የሚሰጥ ማጣፈጫ ጠርሙስ ላይ “ተፈጥሯዊ” የሚለውን ቃል ስታዩስ? የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ማጣፈጫ ሕግ ከተፈጥሮ መነሻ በኢንዛይም ወይም በጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራውንም ተፈጥሯዊ ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ቃሉ ከማሳ መጣ ማለት ላይሆን ይችላል። ገዢው ይህን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ከእርሾ መምጣቱ ነውር የለውም፤ ይጻፍ ግን።

ወደ ገንዘቡ ጥያቄ ልምጣ። በ2010 የጸደቀውና ከጥቅምት 2014 ጀምሮ የጸናው የናጎያ ፕሮቶኮል፣ የአንድ አገር ተክል ተወስዶ ጥቅም ሲያስገኝ ለአገሩና ለማኅበረሰቡ ድርሻ ይሰጥ ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ተክሉ በእጅ ተይዞ ድንበር ሲሻገር ታስቦ ነው። ዛሬ ተክሉ መሻገር የለበትም። ጂኑ ይነበባል፤ ፊደሎቹ በኢንተርኔት የመረጃ ቋት ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አውርዶ ኢንዛይሙን ማሠራት ይችላል። ናሙና የወሰደ የለም። ታዲያ ማን ለማን ይክፈል?

በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ለዚህ አንድ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ መልክ ያዘ፤ የካሊ ፈንድ ተባለ። በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀመረ። በዲጂታል የጂን መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾችን ጨምሮ፣ ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል። ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ታስቧል።

ቁልፉ ቃል “ይጠይቃል” ነው። ግዴታ አይደለም። እኔ ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። በፈቃድ የሚከፈል ድርሻ ቀድሞ የሚከፍለውን ኩባንያ ይጎዳል፤ ዝም ያለውን ይጠቅማል። አስቸጋሪነቱንም አልክድም። ታንከር ውስጥ የሚሠራው ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ተክሉ ውስጥ የነበረው አይደለም። አምስት ቦታ፣ አሥር ቦታ ተቀይሯል። አንዳንዱ ከሁለት ተክሎች የተገጣጠመ ነው። የትኛው ማኅበረሰብ ነው ባለቤቱ? ለዚህ ነው ለየተክሉ የተናጠል ውል ከመፈራረም ይልቅ አንድ የጋራ ፈንድ የሚሻለው። ሐሳቡ ትክክል ነው። የጎደለው አስገዳጅነቱ ነው።

ኮምፒውተር ሁሉንም ይፈታዋል የሚሉም አሉ። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ የፕሮቲንን ቅርጽ ከጂኑ ፊደል የሚተነብየው አልፋፎልድ ነው። በእውነት ትልቅ ነገር ነው። ተርፒን ሠሪው ላይ ግን ገደብ አለው። ፕሮግራሙ የኪሱን ቅርጽ ይሰጣል። ኪሱ ውስጥ ያ እረፍት የለሽ ሞለኪውል ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ግን አይነግርም። አንድ አሚኖ አሲድ ውጤቱን ይቀይራል ብያችኋለሁ። ስለዚህ አዲስ ጂን የተገኘ እንደሆነ ዛሬም የሚደረገው ያው ነው። ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፣ ይሠራል፣ የወጣው ይለካል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ የጠፋ የሂቢስከስ ዘመድ ዛፍ ነበር፤ ሂቢስካዴልፈስ ዊልዴሪያነስ ይባላል። መኖሪያው ለከብት እርባታ ሲመነጠር አለቀ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ ውስጥ ግን ተጭኖ የደረቀ ቅርንጫፉ ቀርቷል። ጊንግኮ ባዮወርክስ የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከዚያ ቅርንጫፍ የተቆራረጠ ዲኤንኤ አወጡ። የተርፒን ሠሪዎቹን ጂኖች ገጣጥመው እርሾ ውስጥ አስገቡ። እርሾው ሠራ። የወጡት ውህዶች ተለኩ፤ ሽቶ ቀማሚም ከእነሱ ሽታ ቀመረ። በ2019 ሰዎች አሸተቱት።

ዛፉ ግን እነዚያን ውህዶች በምን መጠን ይቀላቅል እንደነበር ዲኤንኤው ላይ አልተጻፈም። አበባው በየትኛው ሰዓት ይለቃቸው እንደነበርም አልተጻፈም። የጠርሙሱን ሽታ ከዛፉ ጋር አስተያይቶ ይህ ነው ወይም አይደለም የሚል ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።